ያውቁ ኖሯል? የሞተር ማሞቂያ ለአንበሳሜ ሾፌር ያስፈልገዋል?

በኤድመንተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ዘመድ ካለዎት፣ በብርዱ ወራት መኪናውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክቶ እንደሚያድር አጫውቶዎት ይሆናል። ሞተሩ ላይ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያሞቃል። ከቀደምቶቹ ማሞቂያዎች አንዱን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው የሰሜን ዳኮታው አንድሩ ፍሪማን ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲደርስ ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪም አቅሙ ይደክማል። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ባይሰካም ይሆናል፤ ከጉዞ በፊት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል፣ የቀረው የመብራት ሒሳብ ማባከን ነው።

አንበሳሜና ወረታስ? በአካባቢው ያለው የፎገራ ሜዳ ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቢበርድም ሞተር የሚያስር ብርድ የለውም። ስለዚህ ገንዘብዎን ለማሞቂያ አያውጡ። ናፍጣ መኪናዎ ጠዋት አልነሣ ካለ መጀመሪያ ባትሪውንና ካንዴሌታውን ያስፈትሹ። ቁልፉን ከፍተው የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ መታገሥ ብዙ ሾፌር የሚዘለው ነገር ነው፤ ያለ እሱ ግን የቀዘቀዘ ሲሊንደር ናፍጣውን ቶሎ አያቀጣጥልም።

ከወረታ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው የጉና ተራራ አጠገብ ለሚያድር ግን ነገሩ ይለያል። አየሩ ስስ ነው፣ ውርጭም አለ። እዚያም ቢሆን ከማሞቂያ በፊት ራዲያተሩ ውስጥ ባዶ ውሃ ሳይሆን ጸረ በረዶ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይኑር፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ የሞተሩን ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል።