የሮማኑ ምግብና የእናት እጅ

ጉለሌ በሚገኘው ቤታችን ማታ ማታ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ለልጆቻችን ስንተርክ ከጂኒዎቹ ይበልጥ የማረካቸው አንድ ምግብ ነው።

የበስራው ሐሰን በድረዲንን ጂኒ ይዛው ስትበር ደማስቆ በር ላይ አወረደችው፤ እዚያም ምግብ ሻጭ ሆነ። ከዓመታት በኋላ እናቱ በከተማዋ ሲያልፉ የልጅ ልጃቸው የገበያው የሮማን ምግብ ከእሳቸው እንደሚበልጥ ነገራቸው። አስመጥተው ቢቀምሱት ራሳቸውን ሳቱ፤ ሙያውን ለልጃቸው ያስተማሩት እሳቸው ነበሩና። እ.ኤ.አ. ከ1704 ጀምሮ ተረቶቹን በፈረንሳይኛ ያሳተመው አንትዋን ጋላን ሮማኑን በክሬም ኬክ ለውጦታል።

«እኛም እንሥራው!» አሉ ልጆቹ። ሮማን ፈልፍለን፣ ስኳር ጨምረን፣ እሳቱን ቀንሰን አንተከተክነው። ዐረቦች ለውዝ የሚሉት አልሞንድን ነው፤ እኛ የአገራችንን ለውዝ ቆልተን ነሰነስንበት። ቁንዶ በርበሬም አልረሳንም፤ ሐሰን የታሰረው «ቁንዶ በርበሬ አጉድለሃል» ተብሎ ነውና!

እየበላን ሳለ ትልቋ ልጃችን «የአያታችንን እጅ በምን እናውቃለን?» አለች።

«በረመዳን ሾርባቸው» አልን።

«እንዴት ነው የሚሠሩት?» ስትል ግን መልስ አጣን። ዕድሜ ልካችንን በላን እንጂ አልተማርነውም።

በማግስቱ ሁላችንም እናታችን ዘንድ ሄድን። «ይኼ ደግሞ ይጻፋል? በዓይን ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ። ልጆቹ ግን እፍኛቸውን በሲኒ እየሰፈሩ ጻፉ።

ውድ ወላጆች! እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የእናቶቻችሁ ማድ ቤት ግቡ። ሐሰንም ሙያውን የተማረው ከእናቱ ሳይለይ ነው።