የዓሣ ውጫዊ ጥገኞችና የኩሬ ኖራ በምዕራብ ጎጃም

ላህ፣ ብርና ፈጣም ወንዞች በሚያቋርጡት የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ በኩሬ ቆሮሶ ማርባት ለቤተሰብ ምግብም ለገቢም ይረዳል። ይሁንና በወንዝ ጥቂት ጥገኛ ተሕዋስያን ተሸክሞ በጤና የሚኖረው ዓሣ በኩሬ ተጨናንቆ ሲረባ ጥገኞቹ በፍጥነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታሉ።

ከውጫዊ ጥገኞች መካከል ትሪኮዲና በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ በቆዳና በስንጥብ ላይ የሚራባ ባለአንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። የዓሣ ቅማል የሚባለው አርጉለስ በዓይን ይታያል፤ ቆዳውን ወግቶ ደም ይመጣል። የነጭ ነጥብ በሽታ አምጪው ደግሞ ከቆዳው ሥር ይቀበራል። የተጠቃ ዓሣ ሰውነቱን ከኩሬው ወለል ጋር ያሻል፣ መኖ ይቀንሳል፣ ውኃ መግቢያው ላይ ይሰበሰባል። አየር ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት የኦክስጅን እጥረትም ምልክት ስለሆነ አስቀድሞ የውኃውን ሁኔታ መመርመር ይገባል።

ዓሣውን ብቻ በጨው ውኃ ማጠብ የማይበቃው አንዳንዶቹ ጥገኞች የሕይወታቸውን ከፊል ከዓሣው ውጭ ስለሚያሳልፉ ነው። አርጉለስ እንቁላሉን በድንጋይና በእንጨት ላይ ይጥላል። የነጭ ነጥብ ጥገኛ ከቆዳ ወጥቶ ወለል ላይ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ ዑደቱ በሞቃት ውኃ በጥቂት ቀናት፣ በቀዝቃዛ ውኃ በሳምንታት ይጠናቀቃል። ጨውም ከቆዳ ሥር ያለውን አያገኘውም።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን አጥፍፎ በበጋ ፀሐይ እስኪሰነጠቅ ማድረቅና ሳይደርቁ የቀሩትን እርጥብ ቦታዎች በኖራ ማከም ነው። የኖራው ዓይነት ግን ወሳኝ ነው። በአካባቢው ገበሬው ለአሲዳማ አፈር የሚጠቀምበት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የአፈሩን አሲድነት ያስተካክላል እንጂ ጥገኛን አይገድልም። ጥገኛንና እንቁላሉን የሚገድለው በእሳት የተቃጠለው ኖራ ነው፤ የውኃውን ፒኤች በኃይል ከፍ ያደርጋልና። ይህ ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል በጓንትና በመነጽር ይረጫል፤ ጫጩት የሚጨመረውም ኩሬው እንደገና ተሞልቶ ፒኤቹ ከ9 በታች ሲወርድ ነው።

ከዚያም አዲስ ጫጩት ለብቻው ተለይቶ ሳይታይ፣ የወንዝ ዓሣም በወንፊት ሳይታገድ ወደ ኩሬው እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ኖራዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ልዩነታቸውን ሳያውቅ ኩሬውን ያከመ አርቢ ደክሞም ገንዘብ አውጥቶም ጥገኛውን ለቀጣዩ መንጋ ሊያቆየው ይችላል።