ሃይማኖት ከክሱ የትኛው መስመር ላይ ነው?

የግድያ ክስ ማመልከቻ አጻጻፉ የትም አንድ ነው። ቀንና ሰዓቱ ይቀድማል፣ ወረዳና ቀበሌው ይከተላል፣ «ልዩ ቦታው» ተብሎ የስፍራው ስም ይጠቀሳል፤ ከዚያ «ቀደም ሲል በመካከላቸው በነበረው የመሬት ድንበር ክርክር ቂም በመያዝ» የሚለው ይመጣል። በግሼዋ ከተማ በራቤልና በአካባቢዋ ጥብቅና ስሠራ ያገላበጥኳቸው መዝገቦች የቂሙን መነሻ ሲገልጹ እምብዛም አይለያዩም፦ ድንበር፣ ውርስ፣ ጠላ ቤት ውስጥ የተነገረ ስድብ፣ ያልተመለሰ ደም። ሃይማኖት ምክንያት ሆኖ የተጻፈበት የግድያ ክስ ይዤ አላውቅም። ከክሱ ጠፍቶም ግን አያውቅም። በቀኑ መስመር ላይ «የሚካኤል ዕለት» ተብሎ አለ፤ በቦታው መስመር ላይ «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መንገድ» ተብሎ አለ። ሟች የተመታው ከማኅበር ሲመለስ ነው፤ ምስክሩ ያየው ከቅዳሴ ሲወጣ ነው።

«ሃይማኖት ባይኖር ሰው አይተላለቅም ነበር» የሚል የተማረ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይኸው ወረዳችን ነው። እዚህ ደጋ ላይ ከጥቂቱ ሰው በቀር ሁሉም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነው። ገዳይና ሟች በአንድ ታቦት ይምላሉ፤ አንድ የንስሐ አባት ያላቸውም አይጠፉም። የእምነት ልዩነት የሰው ደም የሚያፈስ ቢሆን ኖሮ የመንዝና የግሼ ደጋ የወንጀል ችሎት ሥራ በፈታ ነበር።

ፍርዱን ጨርሶ የወጣ አንድ አረጋዊ አለ። የገደለው የኩታ ገጠሙን ባለቤት ነው፤ ምክንያቱ በእርሻ ጊዜ የተገፋ ወሰን። መዝገቡ ላይ ሟችን በበዓሉ ቀን መንገድ ላይ ብቻውን እንዳገኘው ምስክሮች ተናግረዋል፤ የተኮሰው ግን በነጋታው ነው። ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ታቦቱን አልፈሩም?»

«ፈርቼማ ነው ያን ቀን የተውኩት» አለኝ፤ «በማግስቱ ነው ያገኘሁት።»

እምነቱ እጁን ለአንድ አዳር ያዘለት፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። ሕጉ ደግሞ ያቺን አዳር ሌላ ስም ሰጣት። ዐቃቤ ሕግ «አስቦና ተዘጋጅቶ» ብሎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ከሰሰው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት የሚያስቀጣው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ወደ 540 አውርዶለት ባይሆን ኖሮ ታቦት በማክበሩ ከባዱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። እኔ እስካሁን ያቺን አዳር በየትኛው ዓምድ እንደምመዘግባት ግራ ይገባኛል።

ሰዉ በእኛ አገር ደም የሚመልሰው ስብከት ሰምቶ አይደለም። ለቅሶ ላይ ካህኑ ፍትሐቱን አድርሶ «ለሕግ ተዉት፣ ለእግዚአብሔር ተዉት» ይላል፤ አልቃሿ ግን የሟችን ወንድም በስሙ እየጠራች ጠመንጃውን ታነሳበታለች። ከሁለቱ የሚሰማው የእሷ ነው። ደም የሚፈልግ ሰው ቂም ይዞ መቁረብ እንደማይፈቀድለት ያውቃል፤ ስለዚህ ቁርባኑን ያቆየዋል፣ ጾሙን ግን አይፈታም። እርቅ ሲሞከርም ሽማግሌዎቹ መስቀል የያዘ ካህን ያስቀድማሉ፤ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ የሟች ወገን እምቢ ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ በግዝት ይታሰራል። እርቁ ክሱን አያስቀርም፤ ለቅጣት ማቅለያ ግን እናቀርበዋለን። የሚቀጥለውን ግድያ ከፖሊስ ይልቅ ያ ግዝት ሲያስቀረው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ባበቃ ግን ጥብቅና የቆምኩት ለሃይማኖት ይሆናል። መስቀለኛ ጥያቄም አለ፤ ለእሱም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፣ የዞናችን ከተማ ደብረ ብርሃን ትበቃለች።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች አሳደደ። ደቂቀ እስጢፋኖስ ለሥላሴ ብቻ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም፣ ለመስቀልና ለማርያም ሥዕልም አንሰግድም ያሉ መነኮሳት ናቸው። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ከውግራቱ በ38ኛው ቀን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡ እግዚአብሔር ፍርዴን ወደደልኝ ብሎ በዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ከተማም ቆረቆረ። ዛሬ ይግባኝ ይዘን የምንሄድባት ከተማ ስሟን ያገኘችው በዚህ ነው። የመነኮሳቱን ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ» በሚል ርዕስ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ የሕግ ተማሪ ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ።

ዘርዓ ያዕቆብ እምነትን ለሥልጣን ሽፋን ያደረገ አስመሳይ ነበር ብሎ ማምለጥ አይቻልም። የሃይማኖት መጻሕፍት ደራሲ ነው፤ በባዕድ አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቹን እንኳ አላሳለፈም። ከልቡ አምኖ ነው የገደለው። ይህን እቀበላለሁ። ዳኛ ብሆን ግን የምመለከተው ሌላም ነገር አለ፦ መነኮሳቱም ከልባቸው አምነዋል፤ አንድም ሰው ግን አልገደሉም። በእምነት ጽናት ሁለቱ ወገኖች እኩል ነበሩ፤ ዘብና ወህኒ ቤት የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ሕዝቡ ላይ ሲጭን የሆነውም ይኸው ነው። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ1632 የገዛ አገሩን ገበሬ በሺህ የሚቆጠር ከገደለ በኋላ ነው አዋጁን የሻረው።

የዘመናችንም መዝገብ አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ የሼህ ከማል ለጋስ ቀብር ሲፈጸም ግጭት ተነሳ። የመቃብሩ ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል፤ ወሰኑ ሲያከራክር የቆየ ነው፤ እንደተዘገበው የዕለቱ ጠብ የተቀሰቀሰው ለቀብሩ በተወሰደ ድንጋይ ነው። ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የአማራ ክልል የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። ይህን ዜና ስሰማ ልቤን የመታው መነሻው የማውቀው መሆኑ ነው። ድንበርና ድንጋይ! የእኛ ችሎት የዕለት እንጀራ።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። የራቤሉ አረጋዊ ጠብ ቢሰፋ ቢሰፋ እስከ አጎት ልጅ ነው የሚደርሰው። የጎንደሩ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ስልጤ ዞን ወራቤ ደርሶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ወራቤ ላይ ክብሪት የጫረው ወጣት የጎንደሩን መቃብር ወሰን አይቶት አያውቅም፤ ቢያየውም አንድ ጋት መሬት አይደርሰውም። ሃይማኖት በመዝገብ ላይ የሚሠራውን ሥራ ያየሁት እዚህ ነው። ጠቡን አልወለደውም፤ ባለጉዳዩን ግን አበዛው። ሁለት ሰዎች በአንድ ወሰን ሲጣሉ ክርክር ነው፤ «መስጊዳችን»፣ «ቤተ ክርስቲያናችን» ሲባል ግን ከሁለቱም ወገን ሚሊዮኖች ተከሳሽም ከሳሽም ይሆናሉ።

ይህን ሥራ ሌላም ነገር ሊሠራው ይችላል፤ ዘር ይሠራዋል። ከእኛ ቁልቁል ያለችው አጣዬ በሚያዝያ 2013 ስትቃጠል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነው ከቤቱ የተፈናቀለው። በሰሜኑ ጦርነትም ከሁለቱም ወገን የተሰለፈው አብዛኛው ሰው አንድ ጾም የሚጾም ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ የተከፈለችው ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የትግራይ አባቶች በሐምሌ 2015 አክሱም ላይ ለብቻቸው ጳጳሳት የሾሙት ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ቀን የሚያነብ ሰው የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይሳሳትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መርማሪ ፖሊሶችና ጋዜጠኞች «ሃይማኖታዊ ግጭት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የመጀመሪያው ጠብ ስለ ምን እንደነበረ፣ ማን ባለጉዳይ እንዳበዛበት ለይታችሁ ጻፉ፤ የመጀመሪያው በፍትሐ ብሔር የሚያልቅ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ስም ያለው ወንጀለኛ ነው። የቀበሌ መሬት ኮሚቴዎች፣ የሰበካ ጉባኤዎችና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቶች ደግሞ ወሰኑ ያልተለየ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የመቃብር ቦታ ካላችሁ በዚህ በጋ አስለኩት፤ ችካሉን አብራችሁ ትከሉ፣ በደብተሩ ላይም አብራችሁ ፈርሙ።