ተጠያቂ የጤና እንክብካቤ ድርጅቶች፦ የሕክምና ቅንጅትና የክፍያ ሥርዓት በአሜሪካ

መግቢያ

በዩናይትድ ስቴትስ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዜጎች በአብዛኛው የሚታከሙት ሜዲኬር በተባለው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ነው። መድኑ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም የተከተለው ስልት ለእያንዳንዱ አገልግሎት በተናጠል መክፈል ነበር። በዚህ ስልት አገልግሎት በበዛ ቁጥር ገቢ ይጨምራል፤ ታካሚው ዳግም ሆስፒታል እንዳይገባ መጠበቅ ግን ገቢ አያስገኝም። በተጨማሪም የልብ ድካምና የስኳር በሽታ ያለበትን አንድ አረጋዊ በርካታ ሐኪሞች ይከታተሉታል፤ አንዱ ያዘዘውን መድኃኒት ሌላው ላያውቀው ይችላል፤ ለጠቅላላ ውጤቱ የሚጠየቅ አካልም የለም።

ተጠያቂ የጤና እንክብካቤ ድርጅቶች የተቋቋሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በእ.ኤ.አ. 2010 የጤና ማሻሻያ ሕግ መሠረት የሜዲኬር የቁጠባ መጋራት መርሐ ግብር በ2012 ሥራ ጀመረ። ይህ ጽሑፍ የድርጅቶቹን አሠራር ያብራራል፤ የሥርዓቱ ስኬት በዋናነት የሚወሰነውም ቁጠባው በሚለካበት መነሻ መሆኑን ያሳያል።

አደረጃጀትና ቅንጅት

አንድ ድርጅት የሐኪሞች ቡድኖችን ብቻ ወይም ሐኪሞችንና ሆስፒታሎችን በአንድነት ሊያቅፍ ይችላል። በመርሐ ግብሩ ለመሳተፍ ቢያንስ 5,000 የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ሊኖሩት ይገባል። ታካሚዎች ለድርጅቱ የሚመደቡት በአብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከማን እንደሚያገኙ ታይቶ ነው። ይሁን እንጂ ሜዲኬርን ወደሚቀበል ማንኛውም ሐኪም የመሄድ መብታቸው አይነካም። በመሆኑም ድርጅቱ ከእርሱ ውጭ ለተፈጸመ ሕክምና ወጪ ጭምር ተጠያቂ ይሆናል።

ቅንጅቱ የሚጀምረው ከመረጃ ነው። ሜዲኬር ለተመደቡት ታካሚዎች የተፈጸሙ ክፍያዎችን ዝርዝር ለድርጅቱ ያካፍላል። ድርጅቱም በዚህ መረጃ ተደጋጋሚ የሆስፒታል ቆይታ የሚያሰጋቸውን ታካሚዎች ይለያል። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ አስተባባሪ ነርስ ትደውልለታለች፤ የታዘዙለትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ታመሳክራለች፤ ለመደበኛ ሐኪሙም ቀጠሮ ታስይዝለታለች። በተለመደው ስልት ይህን መሰሉ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍልለት አልነበረም።

የክፍያው አሠራር

በዓመቱ ውስጥ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች እንደ ቀድሞው በአገልግሎት ይከፈላቸዋል። ሒሳቡ የሚወራረደው ዓመቱ ካበቃ በኋላ ነው። የታካሚዎቹ ጠቅላላ ወጪ አስቀድሞ ከተተመነ መለኪያ ወጪ ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው ቀደም ካሉት ሦስት ዓመታት ወጪ ተነሥቶ በዋጋ ዕድገትና በታካሚዎቹ የጤና ሁኔታ ይስተካከላል። ወጪው ከመለኪያው በበቂ መጠን ካነሰና የጥራት መስፈርቱ ከተሟላ ድርጅቱ ከቁጠባው ድርሻ ያገኛል። የድርሻው ጣሪያ ኪሣራ በማያስከፍለው ጀማሪ ደረጃ 40 በመቶ፣ ከፍተኛ ኪሣራ በሚያስከትለው ደረጃ ደግሞ 75 በመቶ ነው።

ለማብራሪያ ያህል፣ 10,000 ታካሚዎች ያሉት ድርጅት መለኪያ ወጪው 120 ሚሊዮን ዶላር፣ የዓመቱ ወጪው 114 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። ከ6 ሚሊዮኑ ቁጠባ ግማሹ ቢደርሰው 3 ሚሊዮን ያገኛል። ለነርሶችና ለመረጃ ሥርዓት 2 ሚሊዮን ካወጣ 1 ሚሊዮን ይተርፈዋል።

ሁለት ተቃርኖዎች

ይህ ስሌት ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ድርጅቱን የሚመራው ሆስፒታል ቢሆንና ከቁጠባው 4 ሚሊዮኑ ከራሱ አልጋዎች የቀረ ገቢ ቢሆን፣ ትርፉ ወደ 3 ሚሊዮን ኪሣራ ይለወጣል፤ ባዶ አልጋ የሚያስቀረው ወጪ ጉዳቱን የሚያቃልለው በከፊል ነው። የሐኪሞች ቡድን ግን የሆስፒታል ገቢ ስለሌለው የሚያጣው እምብዛም ነው። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በሐኪሞች ቡድን የሚመሩ ድርጅቶች ለሜዲኬር እያደገ የሄደ ቁጠባ ሲያስገኙ፣ ከሆስፒታል ጋር የተዋሃዱት በአማካይ አላስገኙም።

ሁለተኛው ተቃርኖ ከመለኪያው ይመነጫል። ውል ሲታደስ መለኪያው ከድርጅቱ የቅርብ ዓመታት ወጪ እንደገና የሚሰላ ከሆነ፣ ዛሬ የቆጠበ ድርጅት ለነገ የሚጠብቀው ዝቅ ያለ መለኪያ ነው። አባካኙ ግን በሰፊ መለኪያ ይጀምራል። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ስለሆነ መለኪያው የጠበበበት ድርጅት ሊወጣ ይችላል። በ2012 በ32 ድርጅቶች የተጀመረውና ከፍ ያለ የኪሣራ ኃላፊነት ያስከተለው የፓዮኒር ሞዴል በ2016 ሲያበቃ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ለቀው ነበር። ችግሩን ለማቃለል ከ2017 ጀምሮ የአካባቢው አማካይ ወጪ በመለኪያው ስሌት እንዲካተት ተደረገ፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ውል ላይ የቀድሞ ቁጠባ በከፊል ሊታሰብ ይችላል።

ማጠቃለያ

ቁጠባን የሚሸልም ሥርዓት አስፈላጊ ሕክምና እንዲነፈግ ሊገፋፋ ይችላል። የጥራት መስፈርቱና የታካሚው የመምረጥ ነጻነት የተቀመጡት በከፊል ይህን ለመከላከል ነው። መለኪያው ከጠበበ ነርሷን የሚቀጥር አይገኝም፤ ከሰፋ ደግሞ መንግሥት ላልተገኘ ቁጠባ ይከፍላል። ስለዚህ የመለኪያ አተማመን የሒሳብ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሆስፒታል የወጣው አረጋዊ ስልክ የሚደውልለት ሰው ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስን ነው።