ልጆች ጀልባ ላይ ሲሆኑ፦ የትኛው ማብሪያ ማጥፊያ ይሸፈን? የትኛው ክፍት ይሁን?



ሙቀቱ ሲመጣ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል ጀልባ ተከራይተው፣ አቅሙ ያላቸውም ገዝተው ሐይቅና ባሕር ላይ የሚውሉ አሉ። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ጀልባ ላይ እንደወጡ ዓይናቸው ነጂው ፊት በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ ያርፋል። የሚበራና «ጠቅ» የሚል ነገር ሁሉ ለሦስት ዓመት ልጅ መጫወቻ ነው።

ቤት ውስጥ ሶኬቱን እንሸፍናለን፣ ቁም ሣጥኑን እንቆልፋለን። ጀልባ ላይ ግን ሁሉንም መቆለፍ ራሱ አደጋ ያመጣል። ውሃ ሲገባ ወይም ሰው ሲወድቅ ቁልፍ የምንፈልግበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ደንባችን ይህ ይሁን፦ ልጅ ሳያስበው እንዳይነካው እንሸፍን፤ አዋቂ ግን በአንድ እጁ፣ በጨለማም ቢሆን፣ ወዲያው ይድረስበት።

የጀልባ ሬዲዮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብዙ ዘመናዊ ሬዲዮዎች ላይ ቀዩ የድረሱልኝ ቁልፍ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ነው። ጥሪው እንዲሄድ ክዳኑን ከፍቶ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል። ልጅ በስህተት ጥሪ ከላከ ሬዲዮውን አጥፍቶ ዝም ማለት አይገባም። በቻናል 16 ጥሪው የስህተት እንደነበር ማሳወቅ አለብን፤ አለዚያ ነፍስ አድን ሠራተኞች በከንቱ ሊሰማሩ ይችላሉ።

የአደጋ ጊዜ የሞተር ማጥፊያ፦ ነጂው እጁ ወይም ጃኬቱ ላይ የሚያስረው ገመድ ነው፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ተስቦ ሞተሩ ይጠፋል። በአሜሪካ ከ26 ጫማ (8 ሜትር ገደማ) በታች በሆኑ አብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች ላይ ነጂው ይህን እንዲጠቀም የፌዴራል ሕጉ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ያዛል። ይህ ማጥፊያ በፍጹም አይሸፈንም። ልጁን ግን ከነጂው ጎን ራቅ አድርገን እናስቀምጠው፤ በፍጥነት ላይ ገመዱን ቢስበው ጀልባዋ በድንገት ስትዘገይ የተቀመጠው ሰው ሊወድቅ ይችላል። ትርፍ ገመድም ይኑር። ነጂው ገመዱን ይዞ ከወደቀ፣ የቀሩት ሰዎች ሞተሩን አስነስተው የሚደርሱለት በትርፉ ነው።

የውሃ ማስወጫ ፓምፕ፦ ማብሪያው ብዙ ጊዜ «በራሱ»፣ «ጠፍቷል» እና «በእጅ» የሚሉ ሦስት ቦታዎች አሉት። ልጅ ወደ መሃል ካዞረው ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ውሃው ግን ከወለሉ በታች ሳናየው ይጠራቀማል። ብርሃን የሚያሳልፍ ተከፋች ክዳን ይበቃዋል፤ ያለበትን ቦታ ከላይ ሆነን እናየዋለን።

ዋናው የባትሪ ማጥፊያ፦ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ቢቋረጥ ኃይል አመንጪው ዳይናሞ ሊበላሽ ይችላል። በሌላ በኩል ሽቦ ሲቃጠል መጀመሪያ የምናጠፋው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ይሸፈን እንጂ አይቆለፍ፤ እጀታውንም ነቅለን ኪስ ውስጥ አንክተት።

የሚዘጉና የሚቆለፉም አሉ። ጀልባዋ ስትቆም የሞተሩ ቁልፍ ይነቀል፤ ልጅ ሞተሩን ቢያስነሳው ውሃ ውስጥ ያለውን ሰው ፕሮፔለሩ ሊቆርጠው ይችላል። የመልሕቅ መጎተቻ ሞተር በማይሠራበት ጊዜ ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ሰንሰለቱ የሕፃን ጣት አይምርም። የማብሰያው ጋዝ ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩም ይዘጋ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈሰሰ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታም ታቀጣጥለዋለች።

ወደብ ላይ ከየብስ የሚመጣው መብራት በአሜሪካ 120፣ በአውሮፓ 230 ቮልት ነው። ሶኬቶቹ ይሸፈኑ። ልጆችም መብራት በተዘረጋበት መቆሚያ አጠገብ አይዋኙ፤ ከተበላሸ ሽቦ ወደ ውሃው የሚፈስ ኤሌክትሪክ ዋናተኛን አደንዝዞ ያሰጥማል።

በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ባለች ትንሽ የሞተር ጀልባ ይህ ሁሉ መሣሪያ ላይኖር ይችላል። የሞተሩ እጀታ፣ የነዳጁ ጄሪካንና ፕሮፔለሩ ግን እዚያም አሉ፤ ልጁ ከእነርሱ ርቆ ይቀመጥ።

ከመነሳታችን በፊት ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠን በልጁ ቁመት ዙሪያውን እንይ፤ እጁ የት እንደሚደርስ የሚታየው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ነጂው ብቻ ሳይሆን እናትም፣ አክስትም፣ ታላቅ ወንድምም የሞተሩን፣ የፓምፑንና የሬዲዮውን ማብሪያ ራሳቸው ነክተው ይሞክሩ። ነጂው አባት ከሆነና የወደቀው እርሱ ከሆነ፣ ልጆቹን የሚያተርፈው የቀረው ሰው እውቀት ነው።

ክዳን የወላጅን ዓይንም ሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬትን አይተካም። ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ጠባቂው አላህ ነው። ልጆቻችንን ይጠብቅልን።