ዙሩ የሚበላሸው ሦስት ላይ ነው

ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ሰርግ ወይም የምሽት ግብዣ ባለበት የሆቴል አዳራሽ ሳልሳ ሲከፈት፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚባለው መሠረታዊ እርምጃ ብዙ ሰው አያስቸግርም። ምቱ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ የላቲኑን ምት ከእኛ ቅኝት ጋር አጋብቶ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን አልበሞች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በደርግ ዘመን ኩባ ተልከው የተማሩ ልጆችም ከስፓኒሽኛው ጋር ጭፈራውን ይዘው ተመልሰዋል። ጉዱ የሚፈላው ወንዱ እጁን አንስቶ ሴቷን ሊያዞራት ሲል ነው። አንዷ ትንገዳገዳለች፣ ሌላዋ ምቱ ካለፈ በኋላ ትደርሳለች፣ ሦስተኛዋ የወንዱን ክንድ እንደ ምሰሶ ትይዛለች።

ያኔ ከዳር የሚሰማው ምክር «ፍጠኚ!» ነው። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። ሳልሳው በደቂቃ 180 ምት ቢሄድ አንዱ ምት የሰከንድ ሲሶ ይወስዳል። የሴቷ የቀኝ ዙር ከስምንቱ የሳልሳ ምቶች በአምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ ሰከንድ ያህል አላት፣ ስምንት ላይ ያለችው ዕረፍት ሳትቆጠር። አንድ ጊዜ ለመዞር ይህ አያንስም። የጎደለው ሚዛን ነው፤ ሚዛኑም የሚጠፋው ዙሩ ሳይጀመር ሦስት ላይ ነው።

ሦስት ላይ ሴቷ ሙሉ ክብደቷን ቀኝ እግሯ ላይ ማሳረፍ አለባት። አምስት ላይ ግራዋን ወደፊት ትረግጥና በዚያው እግር የፊት ክፍል ላይ፣ ተረከዙን በጥቂቱ አንስታ፣ ወደ ቀኝ ግማሽ ትዞራለች። ስድስት ላይ ቀኙ ይቀበላታል፣ ዙሩን ትሞላለች፣ ሰባት ላይ ትዘጋለች። ብዙዎች ግን ሦስት ላይ ክብደታቸውን ለሁለት እግር አካፍለው ይቀራሉ። በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ደግሞ አይዞርም፤ ይጠመዘዛል። ዘንጉ የተጣመመ እንዝርት አጥብቀው ባሾሩት ቁጥር እንደሚብስበት ሁሉ፣ ያለ ሚዛን የተጀመረን ዙር ማፍጠን ጥመቱን ከማጋለጥ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የራሱ ፈተና አለበት። እስክስታ ትከሻን ከወገብ ለይቶ ማንቀሳቀስን ያስለምዳል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ ላይ የሚጨፈረው ቄጣላም ኃይሉ በዝላይና በኅብረት መራመድ ላይ ነው፤ ሰው በገዛ ዘንጉ ዙሪያ እንዲሽከረከር አይጠይቅም። የሳልሳ ዙር ግን ትከሻና ዳሌ አብረው እንዲሄዱ ይፈልጋል። ትከሻ ቀድሞ ዳሌ ኋላ ከቀረ ሰውነት እንደ ጨርቅ ይጨመቃል፣ እግርም ሳይወድ ይከተላል። ይህ ማለት ግን እስክስታ የለመደ ትከሻ ለሳልሳ ዕዳ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሌላው አገር በልምምድ የሚፈልገው ነገር ነው። ወደ ቀኝ ከመዞር በፊት ደረትን በትንሹ ወደ ግራ ማዞር ዝግጅት ይባላል፤ ጉልበቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ይህን ትከሻውን ከዳሌው መለየት የማይችል ሰው አይሠራውም። እስክስታ የሚችል ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ የሚቀረው የለየውን መልሶ መግጠም ነው።

ወንዶቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ብዙው ወንድ የሚያዞራት የእሱ እጅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጨብጦ ወጥ እንደሚያማስል ያማስላታል። ሴቷ የምትዞረው ራሷ ናት። የእሱ ድርሻ ሦስት ላይ እጁን በማንሳት ምልክት መስጠት፣ ከዚያም ከአናቷ በላይ ጠባብ ክብ መሥራት ነው። ጣቶቹ አይጨብጡም፤ የእሷ ጣቶች በእሱ ውስጥ ይንሸራተታሉ። እጁ ከአናቷ መሃል አንድ ስንዝር ወደ ጎን ከወጣ ሚዛኗን ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የእሷ ችሎታ አያድናትም። ነጻ የሆነው ክንዷ ወደ ሰውነቷ ሲጠጋ ዙሩ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ይፈጥናል፤ ሲበተን ይዘገያል።

የራስ መዞር ሌላው ቅሬታ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ሰውነት ከቆመም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ለዚህ የዳንሰኞች መላ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ተክሎ መቆየት፣ አንገት ሲያልቅበት ደግሞ ራስን ቶሎ አዙሮ ዓይንን እዚያው መመለስ ነው።

ይህ መላ ግን ለቪየናው ቫልስ አይሆንም፤ ጥንዶቹ ተያይዘው ስለሚዞሩ ራስ ከሰውነት ጋር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ያህል ባር የሚሄደው ይህ ጭፈራ አንዱን ሙሉ ዙር በስድስት እርምጃ፣ በሁለት ሰከንድ ያጠናቅቃል። ዙሩ ከሳልሳው ዘገምተኛ ነው፤ የሚያደክመው አለማቋረጡ ነው። ጆሯችን የሦስትን ምት ከችክችካ ያውቀዋል፣ እግራችን ግን ስድስቱን ለሁለት ከፍሎ መርገጥ ለምዷል። ቫልስ ሦስቱንም በየተራ ይረገጡልኝ ይላል።

የጫማ ነገር በቀላሉ አይታለፍም። ጎማ ሶል ያለው ስኒከር የአዳራሹን ሴራሚክ ይነክሳል፤ ሰውነት ዞሮ እግር ሲቀር የሚከፍለው ጉልበት ነው። ወለሉ ላይ ዱቄት መነስነስ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ያንሸራትታል። የቆዳ ሶል ይሻላል፣ ጫማ ሰፊም ሊለጥፈው ይችላል። ልምምዱ ያለ ሙዚቃና ያለ አጣማጅ ይጀመር፦ በአንድ እግር ቆሞ ሩብ ዙር፣ መቆም፤ ከዚያ ግማሽ፣ መቆም። ሩቡ ላይ የተንገዳገደ ሰው ወደ ሙሉው አይለፍ።