ጭርቱ ለምን አልለቅ አለ? ፈንገስ መድኃኒትን ሲለምድ

ጭርት ወጥቶበት ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሲቀቡት ማሳከኩ ይቆማል፤ ቅባቱም ይረሳል። ከወር በኋላ ግን ክቡ ሰፍቶ ይመለሳል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አይረባም» እንላለን።

በህንድ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፈንገስ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር አኑራዳ ቻውድሃሪ ለዓመታት ሲያጠኑ የቆዩት ይህንን ነው፦ ፈንገስ መድኃኒትን እንዴት ይለምዳል?

መድኃኒቱ ለምን ጥቂት ሆነ?

ብዙዎች ፈንገስንና ባክቴሪያን አንድ ያደርጓቸዋል። ይሁንና የፈንገስ ሕዋስ አሠራሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሕዋስ ይቀርባል። ስለዚህ ፈንገሱን ገድሎ ሰውየውን የማይጎዳ መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው። ወደ ደም ለገባ ፈንገስ ሐኪሞች በእጃቸው ያሉት ዋና ዋና የመድኃኒት ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ለጭርት የሚታዘዘው ቴርቢናፊን ፈንገሱ የሕዋሱን ሽፋን ለመሥራት የሚያስፈልገውን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ኢንዛይሙን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ፣ መድኃኒቱን እንደ ቁልፍ እንያቸው። በአንዳንድ ፈንገሶች ዘረመል ላይ ትንሽ ለውጥ ሲከሰት ቀዳዳው ይቀየራል፤ ቁልፉም አይገባም። ሕክምናው በየመሃሉ ሲቋረጥ ደካሞቹ ፈንገሶች ይሞታሉ፣ እነዚህ ግን ተርፈው ይራባሉ። የፕሮፌሰሯ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በዴልሂ ከቆዳ ሕሙማን ከተወሰዱት ናሙናዎች ሲሶ ያህሉ ቴርቢናፊንን የተላመዱ ሆነው ተገኝተዋል።

ጥፋቱ የፈንገሱ ብቻ አይደለም

የቆዳ ሐኪሞች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች ናቸው። ስቴሮይድ መቅላትንና ማሳከክን ቶሎ ያስታግሣል። ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ስቴሮይድ ፈንገስን አይገድልም፤ የቆዳን መከላከያ አዳክሞ እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍትለታል።

ይህ ለመድኃኒት አስቸጋሪ የሆነ የጭርት ዘር እ.ኤ.አ. በ2020 ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒ የሚል ስም ወጣለት። ከህንድ ክፍለ አህጉር አልፎ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አውሮፓም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ኒውዮርክ ሁለት ሴቶች ላይ መገኘቱ ተነግሯል፤ አንደኛዋ በቅርብ ጊዜ ወደ ውጭ አገር አልተጓዘችም ነበር።

ከቆዳ ወደ ደም

የፕሮፌሰሯ ሌላው ሥራ ካንዲዳ አውሪስን ይመለከታል። ይህ ፈንገስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ሴት ጆሮ ተወስዶ ነው፤ «አውሪስ» በላቲን ጆሮ ማለት ነው። በሆስፒታል አልጋና ዕቃ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ይተላለፋል። የፕሮፌሰሯ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 በዴልሂ ሆስፒታሎች የተገኘና ፍሉኮናዞልን የተላመደ ዘሩን አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ይኸው ፈንገስ በህንድ አንዳማን ደሴቶች የባሕር ዳርቻና ጨዋማ ረግረግ ውስጥ እንደሚኖር አሳየ። ከዚያ የተገኘ አንዱ ናሙና መድኃኒት ገና ያልለመደ ነበር። ይህም ፈንገሱ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በተፈጥሮ ውስጥ ይኖር እንደነበር ይጠቁማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳሳቢ ያላቸውን 19 ፈንገሶች ሲዘረዝር ካንዲዳ አውሪስን እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራቱ ውስጥ አስገብቶታል።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ጭርት ሲወጣብን የጎረቤትን ቅባት አንዋስ፤ የምንገዛው ቅባት ስቴሮይድ እንዳለበት ፋርማሲስቱን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ማሳከኩ ቢቆምም የታዘዘልንን ቀን እንጨርስ። ሦስተኛ፣ የልጆች ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ ሐኪም ይየው። አራተኛ፣ ፎጣና ማበጠሪያ አንጋራ።

እግርን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። ፈንገስ እርጥበትን ይወዳል። ውዱእ ንጽሕና ነው፤ ችግሩ ያለው እርጥብ እግርን ወዲያው ካልሲ ውስጥ መክተቱ ላይ ነው። ከውዱእ በኋላ በጣቶቻችን መካከል በደንብ ማድረቅ ደቂቃ አይፈጅም።

ቅባት ተቀብተን በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየን ሌላ ቅባት ከመግዛት ይልቅ ወደ ቆዳ ሐኪም እንሂድ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።